የዳኛው ጠበቃ

ወንድሜ ካዝ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ከጎኔ ተቀምጦ፣ ትከሻው ትከሻዬን እየነካ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስልኝ ከረመ። እኔም አልተነፈስኩለትም። ሌላ አገር ቢሆን ከሁለት አንዳችን ቦታ እንቀይር ነበር። እኛ የአሜሪካዋ ቶሊዶ ከተማ ሰዎች ግን ስታዲየም ውስጥ ቦታ አንቀይርም፤ ወንበር ርስት ነው። አባታችን ከመስታወት ፋብሪካው ጡረታ ሳይወጣ የያዛቸው ሁለት ወንበሮች አሉ፤ በሰሜኑ ማዕዘን፣ ከጎል ክልሉ ጥግ በላይ፣ ተጫዋቹ ሲያስነጥስ የሚሰማበት ቦታ ላይ። አንዱ የእኔ ነው፣ አንዱ የካዝ። አባታችን ሲሞት ቤቱን ሸጠን ተካፈልን፤ ስለ ቤቱ ማንም አላለቀሰም። ወንበሮቹን እንሽጥ ያለ ሰው ቢኖር ግን ከቀብሩ ቦታ በእግሩ አይመለስም ነበር።

ስሜ በርናዴት ነው፤ በርኒ ይሉኛል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ስቆጣ ቶሎ ነው፣ ስታረቅ ግን ዓመት ይፈጅብኛል፤ ይህን ባሌም ልጆቼም ያውቁታል፣ ማንም አይከራከረኝም። ካዝ ታናሼ ነው። ፖስታ ያድላል። መነጽሩን አውልቆ ሳይወለውል ለማንም መልስ የማይሰጥ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጠባችን የመጣው በአንድ ዳኛ ነው።

አምና በጥሎ ማለፉ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ከሜዳው ውጪ ሲጫወት፣ እኛ ቤት ምድር ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን በቴሌቪዥን እናይ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ምንም ያህል ሳይቀረው የኛ ልጅ ያቺን ሞላላ ኳስ ጎል ክልሉ ውስጥ ዘሎ ቀለባት፤ በደረቱ ወደቀ፤ እንዳቀፋት ተነሳ። በቃ፣ አሸነፍን። ባሌ ሬይ ሾርባውን ሶፋው ላይ ደፍቶ እየዘለለ ነበር። ወዲያው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሸሚዝ የለበሰው ዳኛ እጁን ግራና ቀኝ እያወናጨፈ መጣና አልያዘም አለ። ለካስ ተጫዋቹ ሲወድቅ ኳሷ መሬት ነክታ እጁ ውስጥ ከተንቀሳቀሰች እንዳልያዛት ይቆጠራል። እኛ ተሸነፍን፣ ወጣን፣ ቤቱ የለቅሶ ቤት ሆነ።

ዳኞች ሲዘርፉን ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። በኛ ከተማ ተችዳውን፣ የዚህ ጨዋታ ጎል ማለት ነው፣ ሲገባ ሰው ወዲያው አይጮህም። መጀመሪያ አንገቱን አስግጎ ሣሩን ያያል፤ አንዱ ዳኛ ያንን ቢጫ የቅጣት ጨርቁን ጥሎ እንደሆነ። ጨርቅ ከሌለ ነው እልልታው የሚቀልጠው። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ይገርመዋል፤ ጎል አግብተን ስድሳ ሺህ ሰው ዝም ብሎ ሣር ሲያይ። የተቃጠለ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ ያን ዕለት ሁላችንም ዳኛውን ስንረግም፣ ካዝ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበርክኮ ድጋሚውን ያይ ነበር። መነጽሩን ወለወለ። ከዚያ፣ ሰላም ባለ ድምፅ፣ “ኳሷ መሬት ነክታለች። ዳኛው ልክ ነው” አለ።

“ካዝ፣ ጠጥተሃል እንዴ?” አለው ሬይ።

“አንድ ቢራ።”

“እንግዲያው ሌላ ጠጣና ደግመህ እይ።”

ካዝ ያን ብሎ ቢተወው ኖሮ ይረሳ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን የባሰውን አደረገ። በኛ ከተማ ከሽንፈት በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ስፖርት ሬዲዮው ይደውላል። ለቅሶ መድረሻችን ነው። ቧንቧ ሠሪው ይደውላል፣ መነኩሲቷ ትደውላለች፤ ስምህን ትናገራለህ፣ ዳኛውን ትረግማለህ፣ ስልኩን ዘግተህ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ። ካዝ በሕይወቱ ደውሎ አያውቅም። ያን ቀን ደወለ። እኔ አውቶቡሴ ውስጥ ነኝ፣ ልጆች ጭኛለሁ፣ ሬዲዮው ተከፍቷል። “ካዚሚር ፒዮትራክ እባላለሁ” ሲል ሰማሁ። ሙሉ ስሙን! ቀጠለና ስታዲየም የሚቀመጥበትን ማዕዘን፣ ረድፉን፣ የወንበሩን ቁጥር ዘረዘረ፤ ፍርድ ቤት የቀረበ ነው የሚመስለው።

“እሺ ካዚሚር፣ ምን ልትለን ነው?” አለው አዘጋጁ።

“ዳኛው ልክ ነበር ልል ነው።”

ከዚያ አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ወገኖቼ፣ የዳኛውን ጠበቃ አግኝተነዋል” አለ። አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወንድሜ ስም የዳኛው ጠበቃ ሆነ።

ልጆቹን አውርጄ ወዲያው ደወልኩለት። “ቢሆንስ? ልክ ነው ብለህ ብታምንስ? ዝም አይባልም?”

“እውነት ነዋ፣ በርኒ።”

“እውነት ነው ተብሎ ለቅሶ ቤት ተሄዶ ሟቹ ሰካራም ነበር ይባላል?”

“ሟቹ ሰካራም ከነበረ...”

“ካዝ!”

“አንቺ ያላየሁትን አየሁ በል እያልሽኝ ነው?”

“እኔ እህትህን ምረጥ ነው የምልህ! ባለመስመር ሸሚዙን ወይስ እኔን?”

“እንዲህ ከሆነ እኔ ምን ልበልሽ” አለና ዘጋው። በጆሮዬ ላይ! ደሜ ፈላ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

ከተማው አልማረውም። ፖስታ በሚያድልበት ሰፈር ሰዎች የፖስታ ሳጥናቸው ላይ “ይዞታል!” የሚል ወረቀት ለጠፉበት፤ በየቀኑ እያነበበ ፖስታቸውን ያስገባላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ሰላም ተባባሉ ሲባል በጣታቸው ጫፍ ነው የሚጨብጡት። ሰነፍ ሰው ቢሆን አይ ተሳስቼ ነው ብሎ ይገላገል ነበር። ካዝ አላለም።

አዲሱ የውድድር ዘመን ሲከፈት ግን ወንበሩ ላይ መጣ። እኔም መጣሁ። እንደ ሁለት ግንድ ጎን ለጎን ተተከልን። ከኋላችን ሚስተር ዊግፎል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው አሉ፤ አባታችን በሕይወት እያለ ጀምሮ እዚያው ነው የሚቀመጡት፤ በልጅነታችን ሚስተር በሉ ተብለን ነበር፣ ዛሬም ሚስተር ነው የምንላቸው። እሳቸው አስተርጓሚያችን ሆኑ።

“ሚስተር ዊግፎል፣ ያንን ሰውዬ ክንድህን ሰብስብ በሉልኝ።”

“ካዝ፣ ክንድህን ሰብስብ ትላለች።”

“ክንዴ የራሴ ወንበር ላይ ነው በሉልኝ።”

“የራሱ ወንበር ላይ ነው ይላል። እናንተ ልጆች፣ እኔ ትኬት የገዛሁት ኳስ ለማየት ነው፣ የእናንተን ኩርፊያ ላመላልስ አይደለም። እናታችሁ ብታያችሁ ሁለታችሁንም በማማሰያ ትላችሁ ነበር።”

ከጨዋታ በፊት መኪና ማቆሚያው ውስጥ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ቋሊማ እየጠበሱ መብላት የኛ ወግ ነው። ድሮ ካዝ ይጠብስ ነበር፣ እኔ ዳቦ እቆርጥ ነበር፣ ሬይ ይበላ ነበር። ዘንድሮ ካዝ ከኛ ራቅ ብሎ፣ አጥሩ ሥር፣ በትንሽ ምድጃ ብቻውን ይጠብሳል። ሚስት የለውም፤ ልጅ የለውም። ቆሞ ይበላል፣ ምድጃውን ይጠርጋል፣ ይገባል። አየዋለሁ፣ ሆዴ ይባባል። ከዚያ ያ ሬዲዮ ትዝ ይለኛል፤ መልሼ እቆጣለሁ። ሬይ አንድ ቀን፣ “ሂጂና ዳቦ ስጪው” አለኝ። “አንተ ስጠው” አልኩት። ሬይ ሰጠው። ካዝ አመስግኖ ተቀበለ፣ ወደኔ ግን አላየም።

የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ደረሰ። ካሸነፍን ጥሎ ማለፉ ውስጥ እንገባለን፣ ከተሸነፍን ወደ ቤት። በረዶው ከተማችን ዳር ካለው ሐይቅ በኩል በአግድም ይመጣ ነበር። በእረፍቱ ካዝ ወደ ሽንት ቤት እንደሄደ፣ ሚስተር ዊግፎል ከኋላዬ ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

“ልጄ፣ ይህን ከእኔ ባትሰሚው ይሻል ነበር። ወንድምሽ ወንበሩን ሊተው ነው።”

“የትኛውን ወንበር?”

“የትኛው ወንበር አለው? ይሄንኑ ነዋ። ማዶ ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም ሊወስደው ተስማምተዋል። ነገ ነው የሚፈራረሙት። ዛሬ መሰናበቱ ነው።”

“የጥርስ ሐኪም?”

“አንድ ቀን መጥቶ ቦታውን አይቶት ሄደ፤ አንቺ ያን ቀን ታመሽ ቀርተሻል። የባላጋራችንን ኮፍያ አድርጎ ነበር።”

እዚያ ወንበር ላይ እኮ ሁለታችን ተጣብበን ስንቀመጥ፣ ካዝ ልጅ ሆኖ እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱ ጉልበቴ ላይ ይወድቅ ነበር። አባባ ኮቱን ያለብሰው ነበር። እና አሁን የጥርስ ሐኪም! ካዝ ሲመለስ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ዓመት የዘጋሁት አፍ ነው፤ እንዴት ብሎ ይከፈት? “ሚስተር ዊግፎል፣ ለዚያ ሰውዬ...” ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። ወንበርህን አትሽጥ፣ አትሂድብኝ የሚባል ነገር በአስተርጓሚ አይባልም። ካዝ ወደ ሜዳው እያየ ተቀመጠ። እኔም ወደ ሜዳው እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወደቀ ግን አንድም አላየሁም።

መጨረሻ ላይ ብቻ ነቃሁ። በአራት ነጥብ እየተመራን ነው፣ አንድ ውርወራ ቀርቶናል፣ ወደኛ ጥግ ነው የሚያጠቁት። ኳሷ በበረዶው ውስጥ እየተሽከረከረች ወጣች። የኛ ልጅ እየሮጠ መጣ፤ ልክ እኛ ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ በጣቱ ጫፍ ቀለባት፤ አንድ እግር አሳረፈ፣ ሌላውን አስከተለ፣ ወደ ውጪ ወደቀ። ሁለቱም እግሮች ሜዳ ውስጥ ካረፉ አሸንፈናል፤ አንዱ መስመር ከነካ ተሸንፈናል።

ስድሳ ሺህ ሰው ዝም ብሎ ሣሩን አየ። ቢጫ ጨርቅ የለም። ጩኸቱ ሊፈነዳ ሲል ዳኛው እየሮጠ መጣና እጁን አወናጨፈ። ውጪ ነው።

አሁን እውነቱን ልናገር። አይቻለሁ። በበረዶ የሰው ልጆች ጭኜ የምነዳ ሰው ነኝ፤ መስመር የረገጠና ያልረገጠ ነገር እለያለሁ። የግራ እግሩ ጣቶች ነጩ መስመር ላይ ነበሩ። እኔ ካየሁ ደግሞ ካዝ አይቷል፤ እሱ ከእኔ ይልቅ ወደ ጥጉ ይቀርባል።

ዋናው ዳኛ ድጋሚውን ሊያይ ወደ ዳር ወጣ። ትልቁ ስክሪን ላይ ከማዶ የተነሳውን ምስል ብቻ አሳዩን፤ በዚያ በኩል ሲታይ እግሩ ውስጥ ነው የሚመስለው። ሕዝቡ አበደ። ሌባ! ሌባ! ዳኛው ሌባ! የሜዳ አህያ! ባርኔጣ ተወረወረ። ከዚያ ከላይኛው ረድፍ አንዱ ባለ ቀይ ጢም፣ “ዝም በሉ! ዝም በሉ! ጥጉ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ጠበቃው አይደል? ጠበቃው! ምን ትላለህ?” አለ።

ያለንበት ማዕዘን በሙሉ ወደ ካዝ ዞረ። ሚስተር ዊግፎል እንኳን ጎንበስ ብለው፣ “እስቲ ልጄ፣ አንተ ነህ ያየኸው” አሉት።

ካዝ መነጽሩን አወለቀ። በሻርፑ ጫፍ ወለወለ። በልቤ፣ ካዝ፣ በአባባ ሞት፣ ዝም በል፣ እባክህ ዛሬ ብቻ ዝም በል እያልኩ ነበር። ዳኛው ልክ ነው ካለ እዚያው ይበሉታል። ከዚያ ደግሞ ይሄዳል፣ ለሁልጊዜ ይሄዳል፤ ጥርስ ነቃይ ጎን ተቀምጬ አረጃለሁ።

መነጽሩን አደረገ። ዞሮ አየኝ። ከዚያ ስልክ በኋላ ዓይኔን ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ያ ረጋ ያለ ሰው ደረቱን ነፋ፤ “ይዞታል!” ብሎ ጮኸ። “ሁለቱም እግሩ ውስጥ ነው! ሌባ! ዕውር! ዓይን የለህም ወይ አንተ የሜዳ አህያ!” ድምፁ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ። መጮህ አይችልበትማ፣ ለምዶት አያውቅ።

ማዕዘኑ ተናወጠ። ባለ ቀይ ጢሙ ወርዶ አቀፈው። አንዷ ሴትዮ ቢራዋን እጁ ላይ አስጨበጠችው። ሚስተር ዊግፎል፣ “ጠበቃው እንኳን ተዘረፋችሁ ካለማ ተዘርፈናል!” እያሉ ጀርባውን ይደልቁታል። እኔ? እኔ ወንበሬ ላይ ወጥቼ ከጎኑ ቆሜ፣ ክንዱን ይዤ፣ ሳንባዬ እስኪወጣ እጮህ ነበር። ዳኛውን እየሰደብኩ እፎይ ስል ይህ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ነው የቀለለኝ።

ዳኛው ተመልሶ መጣና ውሳኔው ጸና። ተሸነፍን፣ ወጣን። ሰው እያለቀሰ፣ እየተራገመ ወጣ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ፈገግ ያልን ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እንዳያዩን ሻርፓችንን እስከ ዓይናችን ሳብነው።

አጥሩ ሥር ምድጃውን ሲያነሳ አብሬው ቆምኩ። “ካዝ፣ እግሩ መስመሩን ረግጧል” አልኩት።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

አመዱን በረዶው ላይ ደፋ። “ደከመኝ፣ በርኒ። ልክ ሆኜ ብቻዬን ቋሊማ መብላት ሰለቸኝ።”

እዚያው አቀፍኩት። ምድጃው መሀላችን ነበር፣ ኮቴን በጥላሸት አበላሸው፣ ግድ አልነበረኝም። “ሁለተኛ ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ። ሰማህ? ፊትህ አያምርበትም።”

“እሺ።”

“የአምናውን ግን ይዞታል።”

“አልያዘም።”

“ካዝ!”

“አልያዘም፣ በርኒ። ብትገድዪኝም አልያዘም።”

ቁጣዬ መጣ፣ እግዜር ያውቃል መጣ፤ ሳቄ ቀደመው። “የጥርስ ሐኪሙንስ?” አልኩት።

“ነገ እደውልለታለሁ። ቦታው ብርድ ነው፣ ለሳንባ አይሆንም እለዋለሁ።”

“ለዚያ መዋሸት ይፈቀዳል።”

ሬይ ትኬት የለውም። ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ በሬዲዮ ይሰማል፣ እንደዚያ ነው የሚወደው። ካዝ ከነምድጃው ከኋላ ሲገባ ሬይ በመስታወቱ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሞተሩን አስነሳ። ከማቆሚያው ለመውጣት የተሰለፉት መኪኖች ንቅንቅ አይሉም። ሬዲዮው ይጮሃል፤ ተዘረፍን፣ ተዘረፍን ይላል ከተማው ሁሉ።

“ይኸው፣ ደግሞ ዘረፉን” አለ ሬይ መሪውን እየደበደበ። “እናንተ ጥጉ ላይ ነበራችሁ። ካዝ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ፣ እግሩ ውስጥ አልነበረም?”

ካዝ መነጽሩን ሲያወልቅ በመስታወቱ አየሁት። እስኪወለውል አልጠበቅኩም።

“ውጪ ነበር” አልኩ እኔ። “መስመሩን ረግጧል። ዳኛው ልክ ነው።”

ሬይ ሬዲዮውን ዘግቶ ወደኔ ዞረ። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ ያንባርቃል። ከኋላ ወንበር ካዝ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ምድጃው ጭኑ ላይ ይንኳኳ ነበር።